የሙሴ ቤፔ ነጭ ገንዳ

ድምፁን የሰማሁት በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ነው። ክርር፣ ክርር፣ ክርር። መጀመሪያ ድስት የሚፈተግ መስሎኝ ችላ አልኩት። የበረኪናው ሽታ በመስኮት ሲመጣ ግን፣ እንዴ፣ ይሄማ ከባኞ ቤት ነው ብዬ ከዘራዬን አንስቼ ተነሣሁ። ዘንድሮ ጉልበቴ እንደ ልብ አይታዘዘኝም፤ ያን ዕለት እንዴት እንደደረስኩ እኔም አላውቅ። ጫልቱ፣ የቤቱን ሥራ የምታግዘን ጠንካራ ሴት፣ ልጄ ሰሞኑን ያስገባው አዲስ ነጭ ገንዳ ውስጥ ተንበርክካ በድስት ሽቦ ትገዘግዘዋለች። «ኧረ በሕግ አምላክ! ጫልቱ፣ ተይ!» ብዬ ጮኽኩ። ደንግጣ ሽቦውን ጣለችው። «ምነው እማማ፣ ምን ሆኑ? ቆሽሾ እኮ ነው!» «ቢቆሽሽስ? ቆዳውን ልትገፊው ነው? ለስላሳ ጨርቅ ጠፋ? ሳሙና ጠፋ?» ልጄ ከሥራ ሲገባ ነገሩን ሰምቶ ሳቀ። «እማዬ ደግሞ! ለአንድ ገንዳ ይህን ያህል?» አለኝ። እሱ ምን ያውቃል። እሱ ሳይወለድ፣ በአንድ ነጭ ገንዳ የተነሣ ከእናቴ ጋር የሆንኩትን ነግሬው አላውቅም።

የነጭ ገንዳ አያያዝ እኔን ጠይቁኝ። ሽቦ አይነካውም፤ አሸዋና አመድማ ወደ በሩም አይቀርቡ። በረኪና አፍስሶ እያወሩ መቆየት የለም፤ ያን ነጭ ቅብ ይበላዋል። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ቶሎ ካልታሰረ ጠብታው በሚያርፍበት ቦታ ቡናማ መስመር ያሰምራል፤ ያ መስመር ደግሞ ቢለምኑት አይለቅም። የቆርቆሮ ባልዲ ባዶውን ገንዳ ውስጥ አይቀመጥም። ክረምት ላይ የፈላ ውሃ ባንድ ጊዜ አይደፋበትም። ሲታጠቡ ቆይተው ሲወጡ የሳሙናውን አረፋ ማለቅለቅ፣ ከዚያ በጨርቅ ማድረቅ ነው። አለቀ፤ ሌላ ጥበብ የለውም። ዛሬ ይህን ብናገር ማን ሊሰማኝ! ሲላጥ ሌላ ይገዛል ይሉኛል። እኔ ግን ይህን ሁሉ በቃሌ የያዝኩት ከስልሳ ዓመት በፊት ነው፤ መያዜ ምን እንደጠቀመኝ ስጠይቅ ነው ንዴቱ የሚነሣብኝ።

ያኔ አሰላ ትንሽ ከተማ ነች። በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ ዓመት የማስታውሰው በልብስ ነው። አንገት ላይ የሚታሰር ናይለን ሻሽ የመጣበት ሰሞን ነበር፤ አረብ ሱቅ በር ላይ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ ተሰቅሎ ነፋስ ሲያወዛውዘው ሴቱ ሁሉ መንገዱን ያቋርጣል። ስሙኒ ይዤ ገበያ ወጥቼ እንቁላል በመሐረብ ቋጥሬ፣ ጎመኑን ታቅፌ እመለስ ነበር፤ የምትሸጥልኝ ሴት ደግሞ «ጨምሪልኝ» ሳልላት ሁለት እንቁላል ጣል ታደርግበታለች። ዛሬ አንድ እንቁላል ስንት እንደሆነ ልጄ ሲነግረኝ ጆሮዬን ይዤ ነው የምሰማው። ዋናው መንገድ ላይ የጋሪ ፈረሶች ቃጭላቸውን እያንሿሹ ይወርዳሉ። ከመንገዱ ማዶ ሸክላ የሚያዘፍን ቡና ቤት ነበረ፤ ሸክላው ተቧጥጦ መርፌው አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ይይዘዋል፤ ዘፋኙ «ናፈቀኝ፣ ናፈቀኝ፣ ናፈቀኝ» ሲል ይቆይና አንዱ ተነሥቶ በጣቱ ይገፋዋል። ብርዱስ! ከጭላሎ ሲወርድ አጥንት ይፈልጋል። ታጥቦ የተሰጣ ልብስ ጠዋት ደርቆ ሳይሆን ደንድኖ ነው የሚገኘው። እንደዚያ ባለ አገር ሙቅ ውሃ ውስጥ መተኛት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ባለቤቴ ጌታነህ አስተማሪ ነበር፤ ከሸዋ ተመድቦ መጥቶ ነው እኔን ያገባኝ። ቤት አጥተን ጣሪያው የሚያፈስ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ሙሴ ቤፔ ወደ ናዝሬት ሊሄዱ ነው የሚል ወሬ ሰማን። ሙሴ ቤፔ ጎሚስታ ናቸው፤ ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ እዚያው የቀሩ፣ እጃቸው ከጎማ ጥቁረት የማይነጣ፣ አማርኛቸው ለሁሉም «አንቺ» የሆነ ሰው። ጌታነህንም «አንቺ»፣ የአውራጃውን ገዥም «አንቺ» ይላሉ፤ ማንም አይቆጣቸውም። ሁለት ክፍልና ባኞ ቤት ያለው የድንጋይ ቤት በገዛ እጃቸው ሠርተው ነበር። ባኞ ቤቱ ውስጥ በጭነት መኪና፣ በጭድ ተጠቅልሎ ከአዲስ አበባ የመጣ ገንዳ አለ። ብረት ነው፤ ላዩ እንደ አዲስ ሳህን የሚያብለጨልጭ ነጭ ቅብ፣ ከሥሩ እንደ አንበሳ መዳፍ የተሠሩ አራት እግሮች። ከጓሮ በድንጋይ ላይ በርሜል ተቀምጦ፣ ከሥሩ እሳት ሲነድድ ውሃው በቧንቧ ወደ ገንዳው ይወርዳል። በአሰላ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ስንት ሰው ቤት እንደነበረ በአንድ እጅ ጣት ይቆጠር ነበር።

ቤቱን ለእኛ ሊያከራዩ ሲስማሙ እኔን ወደ ገንዳው ጠርተው እጅጌያቸውን ጠቀለሉ። «ፒያኖ፣ ፒያኖ! ቀስ፣ ቀስ! መጀመሪያ ቀዝቃዛ፣ ቀጥሎ ሙቅ። መጀመሪያ እሳት የሆነ ነገር፣ ድንገት ቀዝቃዛ፣ ጧ! ይፈነዳል። አሸዋ የለም፣ ሽቦ የለም፣ ጫማ የለም። ታጥበሽ ስትጨርሺ ጨርቅ፣ ደረቅ! እንደዚህ አገኘሽ፣ እንደዚህ ትመልሺ።» እኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነኝ፤ እንደ ዳዊት በቃሌ ያዝኩት። ከሁሉ መካከል «ታጥበሽ ስትጨርሺ» ያሉትን ብቻ ሳልሰማ ቀረሁ።

እንግዲህ ጉዴን ልንገራችሁ። ሙሴ ቤፔ በሄዱ ሳምንት አምስት ክንድ አቡጀዲ ገዝቼ ገንዳውን አለበስኩት። ጠዋት ጠዋት ገልጬ በለስላሳ ጨርቅ እወለውለዋለሁ፤ መልሼ እሸፍነዋለሁ። ውሃ? ኧረ ወዲያ! ጠብታ አላስነካውም። ጌታነህም እኔም የምንታጠበው እዚያው ባኞ ቤት፣ ከገንዳው አጠገብ ወለሉ ላይ፣ ሳፋ ውስጥ ተቆራምደን ነው። ጌታነህ መጀመሪያ መጀመሪያ ይስቅብኝ ነበር፤ አቡጀዲውን ጫፉን ገለጥ አድርጎ «ጌታው፣ እንደምን አደሩ? ብርዱ አልጎዳዎትም?» ይለዋል ገንዳውን። በኋላ መሳቁን ተወ። «አስካለ፣ ይሄ ነገር የተሠራው ለምን ይመስልሻል?» ሲለኝ፣ «ተጭሮ ሰውየው ቤቱን ቢያስለቅቁን ዶፍ የሚያፈሰው ክፍል ልትመልሰኝ ነው?» እለዋለሁ። ይሄ እውነት ነበር፤ ግን ሁሉም እውነት አይደለም። የሰፈሩ ሴቶች ሊያዩት ይመጡ ነበር። ገለጥ ሳደርገው «ውይ!» ይላሉ። «ባለ ገንዳዋ» የሚል ስም ወጣልኝ። ከገበያ ስመለስ ከኋላዬ «ባለ ገንዳዋ መጣች» ሲሉ ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን እደብቃለሁ።

በሁለተኛው ዓመት፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ እናቴ ከሁሩታ መጣች። ዕድሜዋን ሙሉ በረግረግ ማሳ ቆማ ያረመች ሴት ናት፤ ቁርጥማቱ ጉልበቷ ላይ ተቀምጦ ነበር። ይዣት ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ ድሬሰሩ አስተረጎመልን። «በየቀኑ እስከ ወገቧ ሙቅ ውሃ ውስጥ ትቀመጥ። ውሃው ውስጥ ሆና ጉልበቷን ትጠፍ፣ ትዘርጋ። አሁን ከተጀመረ ይላቀቃል። ከቆየና ከደረቀ ግን አይመለስም።» እንዲህ ብሎ ቁርጡን ነገረን። ድሬሰሩ ደግሞ ወደ እኔ ዞር አለና «እናንተ ቤት ገንዳ አለ አይደል? ዕድለኛ ናት» አለ። ባለ ገንዳዋ መሆኔን እሱም ሰምቷል ማለት ነው።

ቤት እንደገባን እናቴ በትሯን ተደግፋ ወደ ባኞ ቤቱ ሄደች። አቡጀዲውን ገልጣ ጠርዙን በመዳፏ ዳሰሰችው። «እንዴት ይለሰልሳል! አስካልዬ፣ ይሄ ለእኔ ጉልበት ተብሎ የተሠራ ነው የሚመስለው» አለች። «ነው እማዬ። ትንሽ ብቻ ታገሺ፤ ከሥር የሚነጠፍ የጎማ ምንጣፍ እንዲልኩልኝ ሙሴ ቤፔ ጋ መልእክት ሰድጃለሁ፤ እሱ እስኪመጣ» አልኳት። መልእክቱን እውነት ልኬ ነበር፤ ግን መልሱ ከናዝሬት መቼ እንደሚመጣ ማን ያውቃል። ሳምንት ሆነ። እናቴ በየጠዋቱ «ዛሬስ?» ትለኛለች፤ እኔ «ነገ» እላታለሁ። የብር ቀለበቷ ይጭረዋል ብዬ ስሰጋ ሳልነግራት ገብቷት አወለቀችው። የእግሯን አልቦ አወለቀች። «አሁንስ ባዶዬን ነኝ» አለችና ሳቀች። ያኔ፣ አፌን በቆረጠው፣ ዓይኔ ተረከዟ ላይ አረፈ። የገበሬ ተረከዝ ነው፤ የተሰነጣጠቀ፣ የደነደነ። «እማዬ፣ ተረከዝሽ እንዳይቧጥጠው ፈርቼ ነው» አልኳት። ለእናቴ! እግሯን አየች፤ እኔን አየች። «እውነትሽን ነው» ነው ያለችው።

በማግሥቱ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ተረከዟን በድንጋይ ስትፈትግ አገኘኋት። በየቀኑ ትፈትጋለች፤ ከዚያ ቅቤ ትቀባዋለች፤ ደግማ ትፈትጋለች። ጌታነህ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አይቷት ጠየቃት፤ ነገረችው። ወደ እኔ ሲመጣ ፊቱ ጠቁሯል። «አንቺ ሴትዮ፣ ጤና የለሽም? እናትሽ እኮ ናት! ሰውየው ቢያስለቅቁን ያስለቅቁን!» «አንተ ምን አለብህ፤ ቤት ፈልጎ የሚንከራተተው ማን ሆነና!» ተጨቃጨቅን። እንደዚያ ስንጨቃጨቅ እናቴ እየሰማች ነበር። ነገ እሳት እናነድዳለን ብሎ ቁርጥ አድርጎ ነገረኝ። እኔም ተሸነፍኩ፤ ግን ነገ ገበያ ነው፤ ከገበያ መልስ ይሁን አልኩ። አሁን ሳስበው፣ ያቺን አንድ ቀን ገበያ ብቀር ምን እሆን ነበር? ከስንት ነገር ቀርቼ አውቃለሁ!

ከገበያ ስመለስ ገና ከበሩ የወይራ ጭስ ሸተተኝ። ጎረቤት ጠላ ልትጠምቅ ጋን እያጠነች ነው ብዬ አለፍኩ። ቤት ስገባ ጭሱ ከእኛው ባኞ ቤት ነው የሚወጣው። እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ቆማለች፤ ግንባሯ በላብ ርሷል፤ ፊቷ በደስታ በርቷል። «መጣሽ? አንቺ እስክትመጪ ላዘጋጀው ብዬ እኮ ነው። ሁልጊዜ ተከድኖ ሻግቷል፤ ሽታው ለእንግዳ አይሆንም። እንደ ጋኔ አድርጌ አጸዳሁልሽ።» አያችሁ፣ እናቴ የታወቀች ጠማቂ ናት። ለእሷ ንጹሕ ዕቃ ማለት በግራዋ ቅጠል የታሸ፣ በወይራ የታጠነ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ክብር የሚሰጠው ዕቃ የለም። ጋን ቢሆን በጭሱ ላይ ይደፋል፤ ይህንን ብረት መድፋት ስላልቻለች ፍሙን ከነወይራው ገንዳው ወለል ላይ ዘርግታ፣ አፉን በእኔ አቡጀዲ ሸፍናለች። አቡጀዲውን ገልጣ አሳየችኝ፤ ነጩ ሆድ በግራዋ ተዥጎርጉሯል፤ መሐሉ ላይ ፍሙ ቀልቷል። በእጇ ውሃ የሞላ ጣሳ ይዛለች። «አሁን ማለቅለቅ ብቻ ነው የቀረው» አለች። «እማዬ ተይ!» ብዬ ስጮኽ ውሃውን ለቅቃዋለች። ጧ! ቀጥሎ ጧ! ጧ! ነጩ ቅብ እንደ ቆሎ ዘለለ። ጭሱ ሲገለጥ መሐሉ ላይ ሳህን የሚያህል ጥቁር ብረት አፍጥጦ ታየ፤ ዙሪያው በሙሉ ተሰነጣጥቋል።

ደሜ ፈላ። ያልኩትን ዛሬም በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ብረሳው በወደድኩ። «ምን ነክቶሽ ነው? የሁሩታ ጋን መሰለሽ? ምነው እዚያው በቀረሽልኝ!» አልኳት። እናቴ ባዶውን ጣሳ እንደያዘች ቀረች። «ላስደስትሽ ብዬ እኮ ነው» አለች። ድምፅዋ የሷ አይመስልም። እሷን ትቼ ተንበርክኬ የረገፈውን ቅብ በመዳፌ እለቅም ጀመር፤ መልሼ የምለጥፈው ይመስል። በማግሥቱ ጠዋት፣ ጌታነህ እየለመናት፣ እኔ ከክፍሌ ሳልወጣ፣ በጋሪ እስከ መኪና ተራ ሄዳ ወደ ሁሩታ ተሳፈረች። ጌታነህ አንድ ሳምንት ሙሉ አላናገረኝም።

ክረምቱ በሙሉ ያስጨነቀኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የእናቴ ጉልበት አይደለም። ሙሴ ቤፔ ምን ይሉኛል የሚለው ነው። ይህን ስናገር ዛሬም እፍረት ይይዘኛል፤ ግን ነው።

ዝናቡ ሲያባራ መጡ። ወስጄ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው በጥቁር ጣታቸው ስንጥቁን ዳሰሱ። «ማነው እሳት?» «እናቴ ናት። ልታጥነው ብላ።» «ታጠበች?» «አልታጠበችም።» «አንቺ ታጠበች?» «ኧረ እኔም አልታጠብኩ። ማንም አልታጠበበትም ሙሴ፤ እንደሰጡኝ ልመልስልዎ ብዬ፣ በእመቤቴ፣ ውሃ አላስነካሁትም!» እመሰገናለሁ ብዬ እኮ ነው የነገርኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። «ሁለት ዓመት? ሁለት ዓመት ማንም የለም? ማማ ሚያ! ምን ትጠብቂ ነበር?» ጮኹብኝ። ስለ እሳቱ ሳይቆጡ ስለዚህ ተቆጡ። መኪናቸው ጋ ሄደው የብርጭቆ ወረቀትና ነጭ ቀለም ይዘው መጡ፤ እንደ ተበሳ ጎማ ዝገቱን ፍቀው፣ ቀብተው፣ አስደርቀው፣ ደግመው ቀቡት። ከሌላው ነጭ ጋር አይመሳሰልም፤ ወደ ቢጫ ያደላል። «ሦስት ቀን አትንኪ። ከዚያ ታጠቢ። ይጫራል፤ ይጫር! እኔ ቀለም አለኝ» ብለው ሄዱ። እንዲህ ቀላል ነበር። አምላኬ፣ እንዲህ ቀላል ነበር! ግድግዳውን በጡጫ ልመታው ነበር።

ጌታነህ በዚያው ሳምንት ሁሩታ ሄዶ እናቴን ለምኖ፣ በጭነት መኪና ጋቢና አስቀምጦ አመጣት። ከጋቢናው ሁለት ሰው ደግፎ ነው ያወረዳት። እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ «ተነሺ፣ ምን ሆነሽ ነው፤ እኔ ረስቼዋለሁ» አለችኝ። ጌታነህ እሳቱን አነደደና ወጣልን። እኔ ቀዝቃዛውን አስቀድሜ፣ ሙቁን አስከትዬ፣ እጄን እየነከርኩ ለካሁት። በእንፋሎቱ መስኮቱ ጭጋግ ለበሰ። ልብሷን አወለቅሁላት። ጠርዙን ይዛ እግሯን አነሣች፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። በርጩማ አመጣሁ፤ ላዩ ላይ ቆማ ሞከረች። ጉልበቷ እንጨት ሆኗል። በብብቷ ይዤ ላነሣት፣ እግሯን በእጄ ላጥፈው ስል እናቴ ጮኸች። ስታምጥ እንኳ ድምፅዋ አይሰማም የሚሏት ሴት ጮኸች። ለቀቅኳት። «ተይው አስካልዬ። አይታጠፍም። ከሐምሌ ወዲህ አይታጠፍም» አለችኝ።

ወለሉ ላይ ጨርቅ አንጥፌ አስቀመጥኳት፤ ሳፋውን ከገንዳው ሙቅ ውሃ ሞልቼ እግሯን፣ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ብቻ፣ ነከርኩላት። ግድግዳውን ተደግፋ ገንዳውን አየች። «ይሄ ሁሉ ውሃ ሊቀዘቅዝ ነው?» አለች። «ይቀዝቅዛ!» አልኳት፤ እያለቀስኩ ነው። «እንጨቱ አያሳዝንሽም? ግቢበት አንቺ።» «እማዬ፣ በሞትኩት፣ እንዲህ አትበይኝ።» «ግቢ ብያለሁ። እኔ ልይሽ።»

ገባሁ። ውሃው እስከ አንገቴ መጣ። በሕይወቴ እንደዚያ ሞቆኝ አያውቅም፤ አጥንቴ ድረስ ነው የገባው፤ በአካላቴ ያለው ብርድ ሁሉ ሲለቀኝ ይሰማኛል፤ ደስ ማለቱን መካድ አልችልም፤ ለዚህም ነው ራሴን ይቅር ያላልኩት። እናቴ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች እጇን በጠርዙ አሳልፋ በጣሳ እየቀዳች ትከሻዬ ላይ ታፈስልኛለች። «ይሞቃል?» አለችኝ። «ይሞቃል እማዬ» አልኳት። «እሰይ» አለችና ጣሳውን እንደገና ሞላችው።